ኮሶዬን ደብቄ የጠጣሁ ቀን

ትናንት ሰቆጣ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመ ጎረምሳ ባንኮኒው ላይ ተንጠልጥሎ ለባለሙያዋ አንድ ነገር ሹክ አላት። “የኮሶ ነው?” አለች ጮክ ብላ። ልጁ ማን እንደሰማው ዘወር ብሎ አየ። እኔም ለእሱ ብዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ እዚሁ ሰቆጣ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። የኮሶ ትልን ከራሱ እስከ ጭራው በጠመኔ እስላለሁ። ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ከብቱ የትሉን እንቁላል ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፣ ሰው ደግሞ የከብቱን ሥጋ በጥሬው ይበላል እያልኩ ቀስቱን በክብ አዞራለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ እኔው ሥጋ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ቁርጤን በአዋዜ እያጠቀስኩ ክቡን እዘጋለሁ።

የፋሲካው ቁርጥ በሰኔ መልስ ላከልኝ፤ ሽንት ቤት ውስጥ የዱባ ፍሬ የሚያክል ነጭ ነገር። ትምህርት ተዘግቶ መምህራኑ ወደየአገራቸው ይሄዱ ነበር። እኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እያዳመጥኩ እውላለሁ።

በእኛ ሰፈር ኮሶ የሚጠጣ ሰው ተናግሮ ይጠጣል። ማንም አይገባበትም፤ ግን ጎረቤት በየመሀሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ “በረታህ?” ይለዋል። ለእኔ ግን የሳይንስ መምህር ሆኖ ኮሶ አለብኝ ማለት ሞት መሰለኝ። ቤት ላከራዩኝ ለእትዬ ዝማም “እናቴን አሟታል፣ አገሬ ኒሯቅ መሄዴ ነው” ብዬ በደህና ሴት ላይ በሽታ ጫንኩ። በፊት ለፊት ወጥቼ በጓሮ ተመለስኩና በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ከገበያ የገዛሁትን የተወቀጠ የኮሶ አበባ፣ የሁለት ሰው የሚሆነውን፣ ለብቻዬ በጥብጬ ጨለጥኩት።

እስከ እኩለ ቀን ሲያስመልሰኝ ዋለ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ፊደሉ ጠፋኝ፤ ቀጥሎ ጋዜጣው፤ ቀጥሎ ግድግዳው። እጄን ዓይኔ ሥር ባመጣው ጥላ ብቻ ሆነ። ይሄኔ ባልደረባዬ ካሳ ሊሰናበተኝ መጣ።

“መምህሩ የለም እንዴ?”

“ኒሯቅ ሄዷል” አሉት እትዬ ዝማም፤ “እናቱን አሟቸው።”

“እኔም ወደ ወልድያ ልሳፈር ነው። ሲመጣ ሰላም በሉልኝ።”

ኮቴው ሲርቅ ሰማሁ። ልጣራ ብል ድምፅ የለኝም። አጠገቤ የነበረውን ሳፋ በእግሬ መታሁት።

“ሌባ ነው” አሉ እትዬ ዝማም። ካሳ ተመልሶ በሩን በትከሻው ገነጠለው።

“ከኒሯቅ መቼ ገባህ?” አለኝ።

እትዬ ዝማም አልሳቁም። “አንተ ልጅ፣ እኔ በየሁለት ወሩ እጠጣ የለ እንዴ? በዚህ ሰፈር ኮሶ የሌለበት ማን አለ? ብትነግረኝ እኮ በየመሀሉ እጠራህ ነበር።”

ካሳ አዝሎኝ በዚያ ጭቃ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ፤ አውቶቡሱም አመለጠው። ቀኝ ዓይኔ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ግራው ዛሬም በጭጋግ ነው የሚያይ። ቁርጥ ትቻለሁ። ሰው እየናፈቀኝ የለሁም ማለትን ግን አልተውኩም።

ልጆቼ ዓረብ አገር ናቸው። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጥሎኝ ሳለ ትንሿ ደወለች።

“አባዬ፣ የት ነህ?”

“ሰርግ ቤት።”

“ዘፈን አይሰማም እኮ።”

“ገና አልተጀመረም” አልኳትና ብርድ ልብሴን ወደ ላይ ሳብኩ።