ጎመን የማይበላው ጎሚስታ

ጎሚስታው አንዴ ሽንጡን ገትሮ መከራከር ከጀመረ ዝቅ የሚያደርገው ሰው ስለሌለ ሰፈሩ በመኪና ማንሻው «ክሪክ» የሚል ስም አወጣለት። እሱም ስሙን ወደደው። ያለቁ ጎማዎች ሱቁ በር ላይ ከምሮ፣ አንዱ ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቃል፤ ደንበኛ ሲመጣም ሁለት ነገር ሳያወራ ብሎን አይፈታም።

አንደኛው ስለ ልቡ ነው። የልቡ ቫልቭ ተበላሽቶ በሰው ሠራሽ ተቀይሮለታል። «የሰው ጎማ ቫልቭ ስቀይር ኖሬ ኖሬ የራሴን አስቀየርኩ» ይላል ደረቱን መታ መታ እያደረገ። ሁለተኛው ስለ ቅጠል ነው። «ጎመን በለው ቆስጣ፣ ካገባሁ ጀምሮ አፌ ገብቶ አያውቅም። ፍየል ነኝ እንዴ?» ይላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውን ደግሞ፣ ምስኪን፣ እውነት ይመስለዋል።

ሚስቱ እሱ ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ጎመን ደም ያጠራል ብላ ወስናለች። ከክሪክ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ ጎመኑን ቀቅላ፣ ልም እስኪል አድቅቃ፣ የስጋ መረቁ ውስጥ ታሟሟዋለች። መረቁ ለምን አረንጓዴ ሆነ ብሎ ሲጠይቃት ዓይኗን በጨው አጥባ «አዲስ ቅመም ነው» አለችው። ቀመሰ፣ ደገመ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረገና ቅመሙ እንዳያልቅ አደራ አላት።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ጭንቅላት ከደረሰ ደግሞ ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው ክሪክ ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ ክኒን እንዲውጥ፣ በየወሩም ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን እንዲያስለካ የታዘዘው። ልኬቱ ግን አልስተካከል አለ።

«ጋሼ፣ ደሙ አሁንም ወፍራም ነው» ትላለች ነርሷ። «ቅጠላ ቅጠል ይበላሉ እንዴ?»

«ፍየል ነኝ?» ይላታል። ክኒኑ ይጨመርለታል።

ቤቱ ሲገባ ደሙ ወፍራም መባሉን ለሚስቱ ይነግራታል። እሷም ሆዷ ይባባና በማግስቱ ጎመኑን ትጨምራለች። በሚቀጥለው ወር ክኒኑ ይጨመራል። እንዲህ ሁለት ደግ ሴቶች፣ አንዷ በክኒን አንዷ በጎመን፣ ሳይተዋወቁ አንድ ሰው ደም ውስጥ ገመድ ሲጓተቱ ከረሙ። በመጨረሻ ጉልበታቸው እኩል ሆነና ልኬቱ ተስተካከለ። ነርሷ ክኒኑ ሠራ አለች፤ ሚስቱ ጎመኔ ሠራ አለች፤ ክሪክ ቅመሙን መብላቱን ቀጠለ።

ይሄኔ ሌላ ከተማ ያለች ልጃቸው ወለደችና ሚስቱ ልታርሳት ሄደች። ክሪክ ብቻውን ቀረ። ጠዋት ዳቦ በእንቁላል፣ ማታ እንቁላል በዳቦ ሆነ ኑሮው። ክኒኑን ግን አንድ ቀን አልዘለለም፤ በዚህ አይታማም።

አንድ ቀን የታክሲ ሾፌር ጎማ እየገጠመለት ሳለ አፍንጫው መድማት ጀመረ። ጠረገው፤ አልቆመም። ጎንበስ ሲል ባሰበት። ሾፌሩ ደንግጦ የመኪናውን በር ከፈተ።

«ጋሼ ይግቡ፣ ጤና ጣቢያ ላድርስዎ።»

«በዚህ መኪና? ሁለት ብሎን እኮ አልጠበቀም» አለ ክሪክ። ባንድ እጁ አፍንጫውን ይዞ፣ በሌላው እጁ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ ጎማውን በእግሩ ሞክሮ ከጨረሰ በኋላ ነው የገባው። ሾፌሩ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ ልኬቱን አይታ ክው አለች። ደሙ ከመጠን በላይ ቀጥኗል። ሐኪሙን አማክራ ክኒኑን አስቆመችው፣ ቫይታሚን ኬም ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ጉበት ውስጥ ነው የሚዘጋጁት» አለችው ደሙ ጋብ ሲልለት። «አዘጋጁ ኢንዛይም ነው፤ ቫይታሚን ኬ ካልረዳው ግን ሥራው ጎደሎ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ረዳት ኮኤንዛይም እንለዋለን። ቫይታሚኑ አንዴ ከሠራ በኋላ ታድሶ ወደ ሥራ ይመለሳል። የእርስዎ ክኒን እንዳይታደስ ነው የሚከለክለው።»

«ማስቲሽ በይኛ» አለ ክሪክ፣ አፍንጫው በጥጥ እንደተወተፈ። «ያለ ማስቲሽ ልጣፊው ጎማ ላይ አይዝም። ክኒኑ ማስቲሹን ይደብቅብኛል።»

«እንደሱ ነው። ማስቲሹ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ጎመን ውስጥ ነው። እስካሁን የሚያቀብልዎት ሰው ነበር፣ አሁን ጠፋ። ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ?»

«ምንም። ሚስቴ ልጃችን ጋ ሄደች እንጂ።»

ነርሷ ትንሽ አሰበችና ስልክ አስደወለችው፤ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

«እትዬ፣ ለጋሼ ጎመን ያበሏቸው ነበር?»

ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱ ይሰማል?»

«ይሰማሉ።»

«ይስማ እንግዲህ። የማይበላበት ቀን የለም። ደሙ ወፍራም ነው ባላችሁ ቁጥር ጨመርኩለት።»

ነርሷ ጭንቅላቷን ያዘች። ክሪክ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ነርሷ ጎመንና ክኒኑ እንዴት እንደሚጣሉ ለሴትየዋ ማስረዳት ጀመረች፤ ገና ሳትጨርስ ልቅሶ ሰሙ።

«በገዛ እጄ ልገድለው ነበር» አለች ሚስቱ። «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት።»

ነርሷ ወደ ክሪክ ዞረች። «ጋሼ፣ ጎመኑ ክልክል አይደለም፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት መጠን ይሁን እንጂ። ካልፈለጉም ይተዉትና ክኒኑን ከሥር ጀምረን እንለካለን። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

ክሪክ በሕይወቱ እንዲህ በቀላሉ ክርክር አሸንፎ አያውቅም። ቅጠልን በሐኪም ፈቃድ ከቤቱ ማባረር ይችላል። ስልኩ ውስጥ ግን ሚስቱ ታለቅሳለች፣ አንጀቱም አልቻለም።

«አንቺ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አላት። «ጎመን መሆኑን ድሮም አውቅ ነበር።»

ልቅሶው ቆመ። «ታውቅ ነበር?»

«አረንጓዴ መረቅ እኮ ነው። ሞኝ መሰልኩሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ክሪክ ነርሷን አየት አደረገ። ነርሷ ጣራውን ታያለች።

«ይጣፍጥ ነበራ» አለ።

ሚስቱ ባሏን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ መዋሸቱ አልጠፋትም።

«በመጨረሻ ላይ ስንት ነበር የምትጨምሪው?» አላት።

«አንድ እፍኝ።»

«በማን እጅ?» አለች ነርሷ ቶሎ ብላ፣ የክሪክን መዳፍ እያየች።

«በእኔ።»

«እንግዲያው ክኒኑ የተለካው በአንቺ እጅ ነው» አለ ክሪክ። «ልጃችን ስትጠነክር ነይልኝ። እኔ ብቻዬን መጠኑን አላውቀውም።»