የአያቴ የውሻ ማኅበር

አያቴ በቡሬ ሰፈራችን የውሻ ማኅበር ያቋቋሙት የጎረቤታችን ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሳ ከሞተች በኋላ ነው። ክትባት በመጣ ቁጥር ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ሳይቀር በገመድ እየጎተቱ ያስከትቡ ነበር። "የማን ነው?" ሲሏቸው፣ "የሰፈሩ ነው፤ የሚጠብቀው እናንተን አይደል?" ይላሉ።

ባረፉ በሳምንቱ የማኅበሩ ሰዎች መርዝ ያለበት ሥጋ በተኑ። ጠዋት ውሾቹን አረፋ ደፍቀው በየአጥሩ ሥር ተዘርረው አገኘኋቸው። በለቅሶው ላይ ከሁሉም በላይ ያለቀሱት የአያቴ ምክትል፣ አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ "እሳቸውን አፍረን ነው እንጂ ውሾቹስ ድሮም ሰልችተውን ነበር" አሉኝ። ሊጨብጡኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ቀፈፈኝ፤ አልጨበጥኳቸውም። ውሾቹን ብቻዬን ቀበርኩ።

አሁን ጅብ ደጃችን ድረስ ይመጣል። የሚጮኽበት ውሻ የለም፤ ተነሥተው "ማነው?" የሚሉት አያቴም የሉም።