የፊታውራሪ ፋኖስ እና የየካ ጠበል

የአካሉ ሥራ ፋኖስ መያዝ ነበር። ከተማው ገና እንጦጦ ላይ ሳለ፣ ባሕር ዛፍ ሳይተከል፣ ጋራው ጥድ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ፊታውራሪ ሠረቀብርሃን ከግብር ሲመለሱ ከፊት ከፊታቸው የሚሄደው እርሱ ነው። ፋኖሷ ከባሕር ማዶ የመጣች ትንሽ ነገር ናት፤ አካሉ ግን ታቦት እንደያዘ ሰው ነበር የሚራመደው። በዘሩ ሰባት ቤት ቢቆጠር ጦር ለመወርወር ካልሆነ በቀር እጁን ብረት ያስነካ የለም እያለ ይኩራራል። ባላምባራስ ዓለሙም ልጃቸውን የማርያምወርቅን ሊድሩለት ቃል የገቡት ይህንኑ አስቆጥረው ነው።

አንድ ጠዋት ፋኖሷን ይዞ ለብቻው የየካን ዳገት ሲወጣ አዳለጠው። ፋኖሷ በድንጋዩ ላይ ተንከባለለች። መስተዋቷ ተረፈ፤ ሻማዋ ግን ቱቦዋ ውስጥ ሰምጦ አልወጣ አለ። የማትበራ ፋኖስ ይዞ ቢመለስ ይባረራል። ፈትቶ ቢጠግናት ጠይብ ይባላል፤ ለጠይብ ደግሞ ልጅ የሚሰጥ የለም። ጠይብ ቤት እንዳይወስዳት፣ ጠይቦቹ ቡዳ ናቸው እያለ በየድግሱ ሲያወራ የኖረው ራሱ ነው።

ከየካ ሚካኤል ጀርባ፣ ጠበሉ አጠገብ ተቀመጠና ካንገቱ ወረንጦውን ፈታ። ወረንጦ እሾህ ማውጫ ነው፤ እሾህ ማውጣት ደግሞ ጨዋም ይሠራዋል። እሾኋን እያወጣሁላት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ቂጧን ሲከፍተው ሻማውን ከሥር የሚገፋው፣ ዛሬ ሞላ የምንለው ጥምዝምዝ ሽቦ ተስፈንጥሮ ግንባሩን አለው። ከሣሩ ውስጥ ፈልጎ አገኘው፤ የጎበጠውን በድንጋይ ቀስ አድርጎ አቀናና መለሰው። ሻማዋ ብቅ አለ። አካሉ በዕድሜው እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ስለዚህም በጣም አፈረ።

ፊታውራሪ የፋኖሷን ጭርምት አይተው ምን እንደሆነች ጠየቁት።

«ወድቃ ጠፍታ ነበር ጌታዬ። የሚካኤልን ጠበል ሳስነካት በራች።»

ፊታውራሪ ይህን በግብር ላይ አወሩት። ብዙም ሳይቆይ ምላጩ የነከሰ ጠመንጃ፣ እምቢ ያለ ቁልፍ፣ እጀታው የወለቀ ጎራዴ ሁሉ ወደ አካሉ ይጎርፍ ጀመር። አስጠምቅልን ይሉታል። እሱም ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ይወርዳል።

ጠበልተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የሚሰማውን ድምፅ ከሰይጣን ጩኸት ቆጠረው። አስተዳዳሪው አባ ወልደ ኢየሱስ ግን አንድ ቀን መጥተው ከራሱ በላይ ቆሙ።

«አካሉ፣ ይህ ጠበል ከመቼ ወዲህ ነው ቋ ቋ የሚለው?»

«ርኩስ መንፈሱ እየለቀቀ ነው አባቴ።»

አባ ዘንጉ የላላ ጽናጽላቸውን ከጎኑ አኖሩና፣ ይችንም ሳይዛት አልቀረም ብለው ሄዱ።

ሰርጉ ሲቃረብ ባላምባራስ ዓለሙ ራሳቸው መጡ። በጋቢያቸው የደበቁትን አወጡት፤ የዶለዶመ ማረሻ ነው። ብረት ያልነካ ዘር መምረጤ በጀኝ፣ እነዚያ ቡዶች ደጅ መቆም ቀረልኝ አሉ።

አካሉ ማረሻውን ተቀብሎ ሳያስበው ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይህ እንኳ ሳይግል አይሆንም» አለ።

ያለውን ያወቀው ካለው በኋላ ነው። ባላምባራስ የጠቆሩትን ጥፍሮቹን አዩ። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ደመናው ከብዷል፣ እርሻቸው ገና አልታረሰም። ያች ልጅ፣ ያ ቃል፣ ያ ሰባት ቤት ሁሉ እዚያ ማረሻ ላይ ተንጠለጠለ።

በመጨረሻ ባላምባራስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለጠበሉ ስንት አህያ ከሰል ይበቃዋል?»