ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የበረዶ መንደር

ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጥግ አጠገብ፣ ከሥራ ስወጣ ሻይ የምጠጣባት ቤት አለች። ባለቤቷ ከቢዮ አዋሌ ገጠር ወደ ከተማ የገባች፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ባለፈው ዓመት ታይዋን ከሚባለው የከተማው ገበያ ጨርቅ ላይ የታተመ ትልቅ ሥዕል ገዝታ አንዱን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነችበት። ሻጩ «የፈረንጅ አገር ነው» ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ ማጣራት ስለሆነ በስልኬ ፈልጌ አገኘሁት። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ዛሬ ቤልጂየም በምንለው አገር ፍላንደርስ በሚባለው ክፍል፣ ሠዓሊዎች ገበሬውን በየዕለት ሥራው መሣል ጀምረው ነበር። ይህ ከእነዚያ አንዱ ነው፤ በረዶ የለበሰ መንደር፣ የረጋ ወንዝ፣ እንጨት የተሸከሙ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ አዳልጧቸው የወደቁ ሰዎች። ወደ ተመልካቹ የሚያይ አንድም የለም። ሁሉም የራሱን ጉዳይ ይዟል።

ደንበኞቹ ግን የእኔን ማጣራት አልጠበቁም። ጂቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ገና ሲያየው ቦታውን አወቀው።

«አሳል ሐይቅ ነው» አለ። «ነጩ በሙሉ ጨው ነው። ስንቴ ቆሜበታለሁ።»

«ጨው ላይ ማን ቤት ይሠራል?» አለችው ባለቤቷ።

«ፈረንጅ ምን የማይሠራው አለ?»

በረዶ መሆኑን ነገርኩት። «አሳልን አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። «እንግዲያ ሻይህን ጠጣ።»

እሷ ቦታው የትም ይሁን ግድ አልነበራትም። ሰዎቹን የምታውቃቸው በሥራቸው ነው። ሻይ እየቀዳች «ያቺ ሸክሟን አላጠበቀችም፣ መንገድ ላይ ይፈታባታል»፣ «ይሄኛው ሰነፍ ነው፣ ሰው ሲሠራ ቆሞ ያያል» ትላለች። ከተማ ከገባች ወዲህ፣ ሰው ምን እንደሚሠራ ሳትጠይቅ የገባት እዚህ ሥዕል ላይ ብቻ እንደሆነ አንድ ቀን ነገረችኝ።

ችግሩ የመጣው ከሥዕሉ የግራ ታችኛው ጥግ ነው። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ወንዶች እንስሳ አጋድመው ይዘዋል፣ አጠገባቸው የጭድ እሳት ይነድዳል፣ አንዲት ሴት መጥበሻ ዘርግታ አጎንብሳለች። ኅትመቱ ደብዛዛ ነው።

የቤቱ ዋና ደንበኞች ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሰግደው የሚመጡ አራት ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ የተቀመጡበት ቤት ይሞላል፤ እነሱ የተዉትን ሌላውም ይተወዋል። ከአራቱ አንዱ፣ ሐጂው፣ አንድ ቀን መነጽሩን አድርጎ ጥጉን ሲመለከት ቆየና «ይሄ አሳማ ነው» አለ።

«ጥጃ ነው ሐጂ፤ ደህና አድርገህ እየው» አለችው። ድሬ ላይ ትልቅ ሰውም «አንተ» ነው።

«እኔ ያደግኩት ጥጃ ስጠብቅ ነው።»

«እንግዲያ የተሸለተ በግ ነው።»

«ጨው በልቶ ፀጉሩ ረግፎ ነዋ» አለ ሾፌሩ ከወዲያ።

ሐጂው አልሳቀም። አሳማ ከሆነ ሥሩ ተቀምጦ ሻይ እንደማይጠጣ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ። «ጋዜጠኛው ያጣራልን» ብሎ ጨረሰ።

ስወጣ ባለቤቷ በር ድረስ ተከተለችኝ። «በግ ነው በል። አንተን ያምንሃል።»

«ባይሆንስ?»

«አቦ፣ ማን ሄዶ ይጠይቃል? እንስሳው እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል።»

በማግስቱ ቢሮ ጥርት ያለ ቅጂ ፈልጌ አጎላሁት። አሳማ ነበር። ጆሮውም አፍንጫውም የሚያከራክር አልነበረም። ሴትየዋ የዘረጋችው መጥበሻ ደግሞ የደም መቀበያ ነው። የመንደሩ ሰዎች በብርድ ወራት አሳማ ያርዱ ስለነበር ሠዓሊው ያየውን ሣለ።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ አራቱም ባሉበት «አሳማ ነው» አልኩ። ሐጂው አመሰገነኝና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ሦስቱ ተከተሉት። ባለቤቷ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

«እውነቱን ተናገርክ» አለችኝ። «እንግዲህ የአራቱንም ሻይ አንተ ጠጣ።»

ሁለት ቀን አልመጡም። ሌሎች ወንበሮችም ባዷቸውን ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ስገባ ሥዕሉን አውርዳ ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ መቀስ ይዛ ተንበርክካለች። ጥጉን እንዳለ ቆርጦ መጣል ቀላል ነበር። እሷ ግን እንስሳውን፣ እሳቱንና ሁለቱን ወንዶች ብቻ ዙሪያቸውን ቀስ ብላ እየቀደደች አወጣች። ሴትየዋን አልነካቻትም።

«እሷ ምን አጠፋች? ሥራ ላይ ናት» አለች።

መልሳ ስትሰቅለው በቀዳዳው የግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ታየ። ሾፌሩ ሄዶ ለሐጂው ነገረው።

በማግስቱ አራቱም መጡ። ሐጂው ጥጉን አይቶ የተለመደ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሻዩ ሲቀርብለት ሰማያዊው ላይ መጥበሻ ዘርግታ የቀረችውን ሴት በጣቱ አሳየ።

«ይህቺስ ምን ልትቀበል ነው?»

«ውሃ ነዋ» አለችው ባለቤቷ፣ ስኳሩን እያስጠጋችለት። «ድሬ አይደለች? ቧንቧው እስኪመጣ እየጠበቀች ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሐጂውም እየሳቀ ወደ እኔ ዞሮ ትንሽ አየኝ። እሱም አጣራልን አላለኝም፣ እኔም ስለ ደሙ አልተናገርኩም።