ጋሽ ዘርፉ የተባለችው ሴት

አዳማ ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ዘርፉ የምትባል ሴት ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። ስልክ ሁሉ ካሜራ ከሆነ ወዲህ ሠርግና ልደት ወደ እሷ መምጣቱ ቀርቶ፣ የቀሯት ደንበኞች መታወቂያ የሚያሳድሱና ፓስፖርት የሚያወጡ ናቸው። በአንዱና በሌላው ደንበኛ መካከል ሰፊ ጊዜ አለ። ዘርፉ በዚያ ጊዜ ጦማሯ ላይ ትጽፋለች።

ከምትጽፈው የማትጽፈውን መናገር ይቀላል። የአዳማ ነፋስ ለምን ከሰዓት በኋላ እንደሚብስ ጽፋለች። ሽንኩርት እንዴት ቢቀመጥ እንደማይበላሽ፣ ካርቡራተር እንዴት እንደሚጸዳ፣ የታመመ ጎረቤት ሊጠይቁ ሄደው ምን ያህል ቢቀመጡ እንደሚያንስና ምን ያህል ቢቀመጡ እንደሚበዛ ጽፋለች። አንድ ሰኞ ድመትን አወድሳ፣ ሐሙስ ላይ ድመቷ ሥጋ ሰርቃባት ያንኑ ውዳሴ አንድ በአንድ አፍርሳዋለች። በባጃጅ ጀርባ ስለሚለጠፉ ጥቅሶች የጻፈችው ደግሞ አንባቢው "አሁንስ በቃ" እስኪል ድረስ በተከታታይ ወጥቷል።

ይህን ሁሉ ከየት ታመጣዋለች ቢባል፣ ከወንበሩ ነው። ፎቶ ሊነሳ የተቀመጠ ሰው መሄጃ የለውም።

"አገጭዎን ትንሽ ዝቅ... እንዲህ። ሥራዎ ምንድን ነው?" ትላለች።

መካኒኩም፣ የሽንኩርት ደላላውም፣ የጥርስ ሐኪሙም መብራቱ እስኪስተካከል የሚያውቁትን ይነግሯታል። መብራቱ ቶሎ አይስተካከልም።

"ጋሽ" የተባለችው በስህተት ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖሩ ጦማሪዎች አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ዘርፉ ግሩፑን የተቀላቀለች ቀን የካርቡራተሩን ጽሑፍ ለጠፈች። ወዲያው አንዱ "ጋሽ ዘርፉ፣ እጅዎ ይባረክ" ብሎ መለሰ። ዘርፉ የወንድም የሴትም ስም ነው። ፎቶዋን አልለጠፈችም። አማርኛችንም ቢሆን "ጻፍኩ፣ አየሁ፣ ሄድኩ" ሲሉበት ወንድና ሴት አይለይም። ልታርማቸው አሰበችና ተወችው።

"ለምን አትነግሪያቸውም?" አላት ባሏ ገሠሠ።

"ወይዘሮ ካሉኝ ስለ በርበሬ ብቻ ነው የሚጠይቁኝ። አሁን ስለ ፍሬን ሸራ ይጠይቁኛል።"

እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ነጎደ። ባለፈው ዓመት የግሩፑ ሰዎች ሶደሬ ተገናኝተው ብዙ የሚጽፈውን ጋሽ ዘርፉን ሊያመሰግኑ ተስማሙ። እያንዳንዱ ስለ እሱ የሚለውን ጽፎ መጥቶ ያነባል። ዘርፉ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን ለበሰችና እሄዳለሁ አለች።

"ጺሙን ከየት ታመጪዋለሽ?" አላት ገሠሠ።

"እዚያው ስደርስ እነግራቸዋለሁ።"

ሶደሬ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ከአዋሽ ዳር ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አንዱ ስለ ቲማቲም እርሻ የሚጽፈው የመቂው ኢሊያስ ነው። ሁለተኛው ስለ ኳስ የሚጽፈው የአዳማው ምንተስኖት ነው። ሦስተኛዋ ከቢሾፍቱ የመጣች ሎሚ የምትባል ወጣት ስትሆን፣ ስለ ምግብ ትጽፋለች። ሳንዱቻቸውን ከዛፉ ላይ ጦጣዎች ይመለከቱታል።

ዘርፉ ጠጋ ስትል ኢሊያስ ብድግ አለ።

"አካም ጅርቱ፣ እናቴ! ይቀመጡ። ለፍል ውኃው ነው የመጡት? ጉልበትዎን ነው?"

"ትንሽ ያመኛል" አለች ዘርፉ። እውነቷን ነው፣ ያማታል።

ወንበር ሰጧት፣ ለስላሳ ከፈቱላት። አሁን ልንገራቸው ብላ አፏን ስትከፍት ክርክራቸውን ቀጠሉ።

"እኔ ጋሽ ዘርፉን ሳላያቸውም አውቃቸዋለሁ" አለ ኢሊያስ። "ሽበታም ገበሬ ናቸው። እጃቸው ሻካራ ነው።"

"ምን ገበሬ? ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው!" አለ ምንተስኖት።

"ሁለታችሁም ተሳስታችኋል" አለች ሎሚ። "አንድ ሰው አይደሉም፣ ቢያንስ ሦስት ናቸው። እርስ በርሳቸውም አይማከሩም። የድመቷን ጉዳይ አላነበባችሁም?"

ዘርፉ ለስላሳዋን ጎንጨት አለች። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀውም፣ ድንገት "እኔስ ሰውየው ያበዛል ባይ ነኝ" አለች።

ሦስቱም ዞር አሉ።

"ያነቧቸዋል እንዴ?" አለ ምንተስኖት።

"አነባለሁ። ስለ ባጃጅ ጥቅስ ያን ሁሉ ከመጻፍ ቢተኛ አይሻለውም?"

የኢሊያስ ፊት ተለወጠ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ። አባቴ የሞተ ሰሞን ከሰው መነጋገር ሁሉ አስጠልቶኝ ነበር። መጀመሪያ የሳቅኩት የባጃጁን ጥቅስ ሳነብ ነው። ሲያልቅብኝ ምን ያህል እንዳዘንኩ አይጠይቁኝ።"

"እኔ አንድ ጽሑፍ ሳልለጥፍ ስሰርዝ ስጽፍ ሳምንት ያልፋል" አለ ምንተስኖት። "እሳቸው ተሳስተውም ይለጥፋሉ፤ ሲነግሯቸው አመስግነው ያርማሉ። እንደዚያ አለመፍራት ያስቀናኛል።"

"ማንም በማያነበኝ ጊዜ ከጽሑፌ ሥር አስተያየት የሰጡኝ እሳቸው ናቸው" አለች ሎሚ። "ወይም ከሦስቱ አንዱ።"

ዘርፉ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ፀሐዩ ነው አለች። ከዚህ በኋላ እኔ ነኝ ማለት እንዴት እንደሚቻል ጨነቃት። ዝም ብላ ተነስታ ወደ ፍል ውኃው ልትሄድ አሰበች፤ ጉልበቷም ቢሆን አይጠላውም።

ኢሊያስ ግን ስልኩን አውጥቶ የጻፈውን ማንበብ ጀምሯል።

"ጋሽ ዘርፉ መካሪያችን ናቸው። ሽንኩርታችሁን በጆንያ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ ሲሉን..."

"በጆንያ አላልኩም!" ዘርፉ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። "አንተ ልጅ፣ ይበሰብሳል! በመረብ ከረጢት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ነው ያልኩት!"

አንዲት ጦጣ ከዛፉ ወርዳ የምንተስኖትን ሳንዱች ይዛ ወጣች። ማንም አላያትም።

"ያ ራቢ!" አለ ኢሊያስ። "ጋሽ... እትዬ..."

ሎሚ ዘርፉን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ሌሎቹ ሁለቱስ የት አሉ?"

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የፈነዳው። ዘርፉም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ አሁን ግን ፀሐዩ ነው አላለችም። ሳቁ ሲበርድ ጽሑፎቹ እንደገና ከመጀመሪያው ተነበቡ። ምንተስኖት "ጡረተኛው... ጡረተኛዋ..." እያለ ሲንገዳገድ፣ እሷ ባለቤቱን ያጣውን ግስ ሁሉ እያስተካከለችለት እስከ መጨረሻው አደረሰችው። ኢሊያስ ስለ ሻካራው እጅ የጻፈውን አልሰርዝም ብሎ ተሟገተ፤ እጇን እንድትሰጠው ጠይቆ ዳሰሰና በጣም ለስላሳ መሆኑን በሐዘን ተቀበለ።

ማታ ቤቷ ስትገባ ገሠሠ ዜና እያየ ነበር።

"እሺ፣ ምን አሉሽ?"

"ብዙ ይጽፋል አሉ።"

"እውነታቸውን ነው" አለ ገሠሠ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። "ደግሞ ሲጽፍ ወጥ ያሳርራል።"