የቅበላ ዕለት ጠግበን ደረስን

ባለቤቴ ከጓደኛው አሮጌ ፒካፕ ተውሶ ከባሕር ዳር የወጣነው እሑድ ጠዋት ነው፤ ቀኑ ቅበላ ነበር፣ በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል። እናቱ ከጉና ሥር በግ አሳርደው እየጠበቁን ነው። ቀጥ ብለን ልንሄድ ነበር። መንገዱን ያጣመምኩት እኔ ነኝ።

መኪና ውስጥ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ሐሙሲት ስንደርስ «ወንዛዬን ሳላይማ አላልፍም» አልኩት። ፍል ውሃው ውስጥ እግሬን ነከርኩ። እሱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ እንደ ሽመላ ቆመ፤ ሳቅኩበት። ከዚያ ራበኝ። አንበሳሜ ገበያው ዳር ጥብስ አዘዝን። ቃሪያው ያስለቅሳል፣ ሥጋው ሲቀርብ ገና ይንጣጣል።

«እማዬ ጋ ምን ልትበይ ነው?» አለኝ።

«እዚያ ስደርስ ደግሞ ይርበኛል። ብላ፣ ዳኛ አትሁንብኝ።»

«እኔማ እበላለሁ። ጉድ የሚፈላው በአንቺ ነው።»

ደገምን። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ኬክ ዓይኔ ገባ። ሽቅብ ስንወጣ ገደሉን፣ የታጨደውን የገብስ ማሳ፣ ጉም የለበሰውን ጉናን ፎቶ ካላነሣሁ እያልኩ በየመታጠፊያው አስቆምኩት። ስንደርስ ጀምበር አዘቅዝቃለች።

እናቱ በር ላይ ቆመዋል። «ምነው ቆያችሁ?» ሲሉ ባለቤቴ «ጎማ ፈንድቶብን» አለ፣ ሳያመነታ። አፏ አያርፍም የምባለው እኔ ጎማውን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

እንግዳቸው ሳይቀምስ እሳቸው አይቀምሱም። ቀኑን ሙሉ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ እሳት ዳር እያስጠጉ፣ አንዲት ነገር አፋቸው ሳይገባ ነው የጠበቁን። አንድ ጎረስኩ። ሁለተኛውን አፌ ውስጥ አገላበጥኩት። ሦስተኛውን ጉሮሮዬ እምቢ አለ፤ ደጅ ሮጬ አስመለስኩ።

ስመለስ የእናቱ ፊት በርቷል።

«ተዋት፣ አታስገድዳት» አሉ ልጃቸውን። ወደ እኔ ዞሩና «ከመቼ ጀምሮ ነው ልጄ?»

«ምኑ እማማ?»

«ምግብ ያስጠላሽ።»

ያረገዝኩ መስሏቸዋል። ባለቤቴ አየኝ፣ አየሁት። አይደለም ማለት አንድ ቃል ነው። ከዚያ ቃል ኋላ ግን ጥብሱ ይመጣል፣ ኬኩ ይመጣል፣ ጎማው ይመጣል።

«መንገዱ ነው» አልኩ።

ሳቁብኝ። «እኔም እሱን ሳረግዝ ብርዱ ነው እል ነበር።»

የተረፈውን ወጥ ጾሙ ሳይገባ ለጎረቤት አከፋፈሉት። በየቤቱ ምን ብለው እንዳደሉት አልሰማሁም፤ ብቻ ጠዋት ስንሄድ ሴቶቹ ሁሉ ሆዴን እያዩ ነው የተሰናበቱኝ። በመንገድ ላይ ለባለቤቴ «ደውለህ ንገራቸው» አልኩት። «መንገዱ ነው ያልሺው አንቺ፤ አንቺው ንገሪያቸው» አለኝ። አንዳችንም ሳንደውል ሳምንት አለፈ።

እሳቸው ደወሉ።

«እንዳትጾሚ» አሉኝ። «የንስሐ አባቴን ጠይቄልሻለሁ። እኔ ለጨጓራዬ ብዬ በስድስት ሰዓት ነበር የምቀምስ፤ አሁን የአንቺንም ድርሻ ብዬ እስከ ዘጠኝ እቆያለሁ። እስካሁን ምንም አላለኝ።»

በዚህስ መዋሸት አቃተኝ። «እማማ፣ አላረገዝኩም። የዚያን ቀን ጠግቤ ነው የመጣሁት። አንበሳሜ ላይ ጥብስ በልተን ነበር። ጎማም አልፈነዳም።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «የዋሸኝ ልጄ ነው ወይስ አንቺ?»

«ሁለታችንም።»

«ለመሆኑ ጥብሱ ጣፍጦሽ ነበር?»

አልጣፈጠኝም ብላቸው ይሻላቸው ነበር መሰለኝ። «አዎ እማማ፣ በጣም» አልኩ።

«እንግዲያው ጾምሽን ያዢ» አሉኝ። «የጎረቤቱን ነገር እኔ እችለዋለሁ።»

ዘጉት። ሰዓቱን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት አልፏል። ቀምሰው እንደሆነ መልሼ ደውዬ ልጠይቃቸው ብል ድፍረቱን አጣሁ።