በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ ኮከብ

የከዋክብት ምርምር መሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ሚዛን» ነበር የሚላት። ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን የመስታወት ፎቶዎች ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ በማጉያ መነጽር እያየች የከዋክብትን ድምቀት መገመት ነው ሥራዋ። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው አንድ ኮከብ ነበራት። በአምስት በአምስት ቀን ያብጥና ይሟሽሻል፤ ድምቀቱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። «የኔ ጌታ፣ እንደ ሰው ቀጠሮ አያፈርስም!» ትላለች። ስትኮራበት ደግሞ አይጣል ነው፤ ጠፍጥፋ የሠራችው ነው የሚመስለው።

የባሏን ታናሽ እህት ሥራው ውስጥ ያስገባቻት ራሷ ናት። ልጅቱ ታዲያ በሦስተኛ ወሯ፣ ኮከቡ መድመቅ ባለበት ቀን «ፈዟል» ብላ መዘገበች።

«እንደገና እዪው እስቲ።»

«አየሁት እኮ እትዬ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ፈዟል።»

ሚዛን መስታወቱን አንስታ ማየት ትችል ነበር። ሁለት እርምጃ ነው። አላየችም፤ ኮከቧን በቃሏ ታውቀዋለቻ! በቀይ እስክሪብቶ ቁጥሩን ሰረዘችና «መሆን ያለበትን» ጻፈችበት። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ሰረዘች። በመጨረሻው ጊዜ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዓይን የሌለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ሂጂና ሽንኩርት ክተፊ!» አለቻት። ሰው ሳቀ። ልጅቱ በሳምንቱ ለቀቀች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሚዛን ግን ወለም ማለቷንም አላወቀችም።

ሚዛን ጡረታ ከወጣች በኋላ አንድ ቀን አዲሱ ኃላፊ ደወለላት። ኮከቡ ብቻውን አይደለም አላት፤ ሁለት ባልንጀራ ከዋክብት አሉት፣ አንደኛው በፊቱ ሲያልፍ ይጋርደውና ያፈዘዋል።

«የድሮዎቹን መስታወቶች እንደገና አየናቸው። ከቀዩ ሥር ያሉት ቁጥሮች አሥራ አንዱም ልክ ናቸው! የማን እጅ ነው?»

«አላስታውስም» አለች ሚዛን።

ስልኩን ስትዘጋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ውሸት! በአራተኛው ቀን ወደ ልጅቱ ቤት ሄደች፤ ልጅቱ ስንል እንግዲህ፣ ዛሬ ጠጉሯ ገብስማ ሆኗል። ሚዛን ተቀመጪ ብትባልም ሳትቀመጥ ሁሉንም ዘከዘከችው፤ ሳታይ መሰረዟን፣ ለኃላፊው መዋሸቷንም ጭምር። ስድብ ጠብቃ ነበር።

ሴትዮዋ አልተሳደበችም። እንዲህ አለች፦

«ያኔ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፣ እትዬ። ዓይንሽ ጤነኛ ነው ቢለኝ አላመንኩትም። ልጄ የተወለደች ሰሞን ፊቷ ቢጫ መስሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምን አያለሁ ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።»

ያ የአራስ ልጅ ቢጫ በሽታ ሳይታከም ቆይቶ የልጇን ጆሮ እንደነሳት ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ያቺው ልጇ አድጋ፣ አሁን ከጓዳ ውሃ ይዛ ገባች። ለአጎቷ ሚስት ፈገግ ብላ ብርጭቆውን ዘረጋችላት። ሚዛን ተቀበለቻት፤ ቀና ብላ ግን ፊቷን ማየት አቃታት።